ጣና ዙሪያ፦ ገዳማቱ፣ ግምቦቹና የሚነገርላቸው

ብራና (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጣናን ሊያይ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዘጌን ልሳነ ምድር በግማሽ ቀን ረግጦ ይመለሳል። የሚሰማው ታሪክ ደግሞ እንደ አስጎብኚው ይለያያል፤ አንዱ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል «700 ዓመቱ ነው» ሲል ሌላው ያንኑ ሥዕል «300» ይለዋል። ስለዚህ እዚህ ውይይት ላይ የምናውቀውን ለይተን ብናስቀምጥ ብዬ ነው፦ በጽሑፍ የተላለፈው የትኛው ነው፣ ድንጋዩና ሥዕሉ ራሱ የሚመሰክረው የትኛው ነው፣ በአፍ የመጣው የትኛው ነው። ሦስቱም የራሳቸው ክብር አላቸው፤ ችግሩ የሚመጣው አንዱ በሌላው ስም ሲነገር ነው።

መነሻውን ላስቀምጥ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ 84 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝምና 66 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ነው። ጥልቀቱ ግን ሰው ከሚገምተው እጅግ ያነሰ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ወይም 15 ሜትር አያልፍም። ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ቶሎ የሚቆጣው፣ ክረምቱ ዝናብ ሲያጣ ደግሞ ውሃው ከዳር የሚሸሸው ስለዚህ ነው።

የደሴት ገዳማቱን የመሠረቱት መነኮሳት በትውፊት «ሰባቱ ከዋክብት» ይባላሉ። ከእነሱ መካከል ዳጋን ያቀኑት አባ ሒሩተ አምላክ፣ ክብራንን ያቀኑት አባ ዘዮሐንስ፣ የዘጌው አቡነ በትረ ማርያም ይገኙበታል። ዘመኑ 13ኛውና 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ይህ የምሥረታው ዘመን እንጂ ዛሬ ቆሞ የምናየው ሕንፃ ዘመን አይደለም። ብዙዎቹ ሕንፃዎች ተቃጥለው ወይም አርጅተው እንደገና የተሠሩ ናቸው፤ ክብራን ገብርኤልን ለምሳሌ ያሳነጹት አድያም ሰገድ ኢያሱ (1682–1706 እ.ኤ.አ.) ናቸው። የዕድሜው ክርክር ግማሹ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሴቶች የሚገቡባቸውን አስቀድማችሁ እወቁ። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ የወንዶች ብቻ ናቸው። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ፣ የዘጌዎቹ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና በትረ ማርያም፣ ደቅ ደሴት ጥግ ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ ሁሉንም ይቀበላሉ።

ያሰብኩት ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ዘጌ፣ እንጦስና ክብራን፤ በሁለተኛው ዳጋና ናርጋ፤ በሦስተኛው ጢስ ዓባይና የዓላታ ድልድይ። ጎርጎራን ከጎንደር በኩል ለብቻው። አርሙኝ፣ ጨምሩበት።

ቀዛፊው

ቅደም ተከተሉ ይሄዳል፤ ሰዓቱ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጣና ጠዋት መስታወት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሐይቅ ነው። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት በኋላ ይበረታል። ስለዚህ ከባሕር ዳር መነሻው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው። ለዘጌ በተራ ሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በታች ይበቃል። ወደ ዳጋና ናርጋ ግን መሄጃው ብቻ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ መመለሻው ደግሞ ነፋሱ ላይ ይወድቃል። 3 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ሁለቱንም አይቶ እመለሳለሁ የሚል ሰው አንዱን ሳያይ ይመለሳል፣ ወይም ማዕበል ውስጥ ይመሻል።

ዋጋው የሚቆረጠው ለጀልባው እንጂ ለሰው አይደለም። ስትዋዋሉ የምትቆሙባቸውን ቦታዎች በስም፣ በየቦታው የምትቆዩበትን ጊዜ በሰዓት ተናገሩ። «ዳጋና ናርጋ» ብሎ ብቻ የተስማማ ሰው ደሴቱ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላው ይጠራል። ዳጋ ዳገት ስለሆነ መውጫና መውረጃው ብቻ ያን ያህል ይወስዳል።

ከመሳፈራችሁ በፊት አራት ነገር እዩ፦ የሕይወት አድን ጃኬቱ በሰው ልክ መቆጠሩን፣ ነዳጁ ለመመለሻም የሚበቃ መሆኑን፣ ትርፍ የሞተር ካንዴላ መኖሩን፣ ጥላ መኖሩን። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ውሃው ላይ ፀሐይ ከላይም ከታችም ነው የምትመታው።

በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ (ደንቢያና ፎገራ በኩል) ስትሄዱ እምቦጭ አለ። ሐይቁ ላይ የታየው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ያቃስታል፤ ነጂው ነዳጅ ጨምሮ ልግፋ ካለ የፕሮፔለሩ ፒን ይቆረጣል። ሞተሩን ማጥፋት፣ ማንሣት፣ አረሙን በቢላ መቁረጥ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ በመቅዘፊያ ከአረሙ መውጣት ነው መፍትሔው። ሞተሩ ሳይጠፋ ማንም እጁን እንዳይሰድ።

ቆሎ ተማሪ

ጋሽ ቀዛፊው የውሃውን ሰዓት ነገሩን፣ እኔ የቤተ ክርስቲያኑን ልጨምር። ብዙ ሰው ደርሶ በሩ ተዘግቶ የሚያገኘው ይህን ስለማያውቅ ነው። በጾም ቀን፣ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ፣ ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ገደማ ይቆያል። በዚያ ሰዓት ለጉብኝት አይከፈትም። ስለዚህ በጾም ወቅት ጠዋት ቶሎ መድረስ ነው። እሑድና በበዓል ቀን ደግሞ ቅዳሴው ሌሊት ገብቶ ጠዋት ስለሚያልቅ ከ3 ሰዓት በኋላ መድረስ ይሻላል።

ዓመታዊ በዓላቱን ያዙ፦ ኪዳነ ምሕረት የካቲት 16፣ ገብርኤል ታኅሣሥ 19፣ እስጢፋኖስ ጥቅምት 17 እና ጥር 1፣ ሥላሴ ጥር 7 እና ሐምሌ 7፣ ቂርቆስ ጥር 15 እና ሐምሌ 19። በእነዚህ ቀናት ታቦት ይወጣል፣ ማኅሌቱ ይደምቃል፤ ይህን ለማየት የሚሄድ የታደለ ነው። ሥዕሉንና ብራናውን ረጋ ብሎ ለመመልከት የሚሄድ ግን እነዚህን ቀናት ይለፋቸው። ዕቃ ቤቱ አይከፈትም፣ ጀልባም አይገኝም።

ጫማ የሚወልቀው ከመጀመሪያው ደፍ ውጭ ነው። ነጠላ ለሴትም ለወንድም ይመከራል። ቅኔ ማኅሌቱንና ቅድስቱን መዞር ይቻላል፤ መቅደሱ ግን ከካህናት በቀር አይገባበትም፣ መጋረጃውንም ገልጦ ማየት ነውር ነው። የመግቢያ ክፍያ በየገዳሙ ለየብቻ ስለሆነ ዝርዝር ብር ያዙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ቄሰ ገበዙ ዘንድ ነው፤ እሳቸው ከሌሉ ማንም አይከፍትላችሁም፤ ስለዚህ እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ስለ እሳቸው ጠይቁ።

ሐረግ

ስለ ሥዕሎቹ ዕድሜ ብራና ያነሣው ትክክል ነው፤ እንዴት እንደሚለይ ልናገር።

የዑራንም ሆነ የሌሎቹን ክብ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ቀለበት አድርጋችሁ አስቡት፦ ውጭው ቅኔ ማኅሌት፣ መካከለኛው ቅድስት፣ መሃሉ አራት ማዕዘን የሆነው መቅደስ። ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ነው። አብዛኛው በቀጥታ በግድግዳው ላይ የተሣለ አይደለም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ወይም ጨርቁ ተለጥፎ የተሣለ ነው። በጎን ስትመለከቱት ጨርቁ ከጭቃው የተላቀቀበት ቦታ እንደ ፊኛ አብጦ ይታያል። እዚያ ላይ በጣት መጫን ቀለሙን ይሰብረዋል።

የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጎንደር አሣሣል ዳራው ባዶ ወይም አንድ ዓይነት ቀለም ነው፤ መስመሩ ጠንካራ፣ ጥላ የሌለው። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የመጣው ሁለተኛው አሣሣል ዳራው ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀስ እያለ ይሸጋገራል፣ ፊትና ልብስ ላይ ጥላ ይገባል። ሰማያዊው ደማቅና ብዙ ከሆነ፣ የሮማ ወታደሮች ጠመንጃ ይዘው ከቆሙ፣ ያ ክፍል የኋለኛ ዘመን ሥራ መሆኑን መገመት ይቻላል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተለያየ ዘመን ጎን ለጎን ስለሚገኝ «ሥዕሉ ስንት ዓመቱ ነው» ሳይሆን «ይህ ግድግዳ መቼ ተሣለ» ተብሎ ነው የሚጠየቀው።

ዓይን ቁጠሩ። ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ሰይጣን፣ ጨካኝ ወታደር፣ ከሃዲ በጎን በኩል በአንድ ዓይን። ይህን የያዘ ሰው ያለ አስጎብኚም ግማሹን ታሪክ ያነባል።

ዑራ ላይ ሳታዩት እንዳትወጡ የምለው የበላዔ ሰብእን ሥዕል ነው። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። አንድ በውሃ ጥም የተቃጠለ ለምጻም በእግዚአብሔር ስም ለምኖት እምቢ ብሎ፣ ስለ እመቤታችን ሲለው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሥዕሉ ላይ ሚዛን ተሰቅሏል፤ በአንዱ ወገን ነፍሳቱ፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውሃ፤ እመቤታችን ጥላዋን ውሃው ላይ ስትጥል ሚዛኑ ያጋድላል። የየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ፍሬ ነገር እዚያ ግድግዳ ላይ በአንድ ክንድ ስፋት ተቀምጧል።

ሥዕሉን የሚጎዳው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ቀንደኛው ጣሪያ ነው። የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲተካ በሚስማሩ ቀዳዳ ውሃ ይገባል፤ ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝም ከታች ያልበውና ጨርቁ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ምስጥ፣ የሌሊት ወፍ ኩስ፣ የጧፍ ጢስ። የከፋው ደግሞ ቅን አሳብ ነው፤ አቧራውን እናንሣ ብሎ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል። ቀለሙ ውሃ አይችልም።

ፎገራ

ፎቶ ማንሣት ይቻላል?

ሐረግ

ከቄሰ ገበዙ ፈቃድ ጋር፣ ያለ ፍላሽ። የቪዲዮ ክፍያ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው። በሩ ሰፊ ስለሆነ የጠዋት ብርሃን የምሥራቁን ግድግዳ ያበራዋል፤ የእጅ ባትሪ ከያዛችሁ ከጎን አብሩ እንጂ ፊት ለፊት አታብሩ።

ዘጌ ቡና

ስለ ዘጌ ሲወራ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ይነሣል፤ ጫካው ራሱ ቅርስ ነው። የአገሩ ሰው እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ «በዚህ ትኖራላችሁ፣ ሞፈር አታግቡ፣ ከብት አታርቡ» አሏቸው። ይህ ትውፊት ነው፤ ውጤቱ ግን በዓይን ይታያል። መሬቱ ስላልታረሰና ስላልተጋጠ ከባሕር ዳር ማዶ እንዲህ ያለ ጥቅጥቅ ደን ቆይቷል፣ ቡናውም የሚበቅለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው።

ቡና ልትገዙ ከፈለጋችሁ ደረቅ ጀንፈል መሆኑን ጠይቁ። አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው፦ ቀይ የበሰለው ብቻ ተለቅሞ ከነልጣጩ ይሰጣል፤ ውፍረቱ ከ3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይበተናል፤ በቀን ብዙ ጊዜ ይገላበጣል፤ ማታ ይሸፈናል። ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ሲደርቅ ጣዕሙ ንጹሕ ነው። ባዶ አፈር ላይ የተሰጣ የአፈር ሽታ ይይዛል፤ ወፍሮ የተሰጣ ከውስጥ ይሻግታል፤ አረንጓዴው ከቀዩ ጋር ከተለቀመ ሲቆላ ያልጠቆረ ገርጣ ፍሬ ከመካከሉ ታያላችሁ። ጀንፈሉን እጃችሁ ውስጥ አድርጋችሁ አንቀጥቅጡት፤ የደረቀው ይንኳኳል፣ ያልደረቀው ዝም ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የጌሾና የቡና ዋጋ ሲወድቅ ለማገዶ የሚቆረጠው የጥላ ዛፉ ነው። ጥላው ሲሄድ ቡናው ይደርቃል። ከገበሬው በቀጥታ የሚገዛ ሰው ዛፉንም እየጠበቀ ነው።

ደንገል

በዘጌና በደብረ ማርያም ዙሪያ የምታዩትን ታንኳ ልብ በሉት። ጀልባ እየተባለ ይነገራል፤ በእውነቱ ግን የሚንሳፈፍ የደንገል እስር ነው። ባዶ ሆድ የለውም፣ ውሃ በመካከሉ ያልፋል፤ የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ውስጥ ያለው ስፖንጅ የመሰለ ልብ የያዘው አየር ነው።

አሠራሩ፦ ደንገሉ ከሥሩ ተቆርጦ ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ፈጽሞ ከደረቀ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ርጥብ ከሆነ ገና ሳይጫን ይከብዳል፤ ልኩ ቢጫ መምሰል ጀምሮ ሲታጠፍ የማይጮህበት ጊዜ ነው። ከዚያ በረጃጅም እስር ይታሰራል፤ መሃሉ ወፍራም፣ ጫፎቹ ቀጫጭን ሆነው ወደ ላይ ይቀለበሳሉ። ከታች ዋናው እስር፣ በጎን ደጋፊዎቹ፣ ከላይ ሰውና ዕቃ የሚቀመጥበት ሌላ ንብብር። ማሰሪያው ላላ ካለ ማዕበል ሲመታው እስሮቹ ይከፈታሉ።

ዕድሜው አጭር ነው፤ ሳምንታት፣ ሲበዛ ጥቂት ወራት። ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥቶ ካልቆመና ካልደረቀ ቶሎ ውሃ ይጠጣና ይከብዳል። የዚህ ሙያ ዋና ባለቤቶች ነገደ ወይጦ ናቸው፤ በቀድሞ ጊዜ በጉማሬ አደን የሚታወቁ፣ የሐይቁን ዳር ከማንም በላይ የሚያውቁ ሕዝብ። ስለ ጣና የሚነገር ታሪክ ነገሥታትና መነኮሳት ላይ ብቻ ሲያልቅ እነሱን መዝለል ይሆናል። ታንኳ ስትጋልቡ ወይም ፎቶ ስታነሡ አስፈቅዱ፣ ክፈሉ።

ብራና

ጥሩ እየሄደ ነው። ጣና ቂርቆስን እንዴት እናስቀምጠው? አስጎብኚዎች ታቦተ ጽዮን እዚያ 800 ዓመት እንደቆየች እንደ ተመዘገበ ታሪክ አድርገው ይናገራሉ።

ቆሎ ተማሪ

ትውፊቱ የሚለውን እንዳለ እንንገር፦ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት 800 ዓመት እዚያ ቆየች፤ እመቤታችንም በስደቷ ጊዜ 3 ወር ከ10 ቀን አረፈችበት። ከገደሉ አፋፍ ላይ ጎድጎድ ያሉ የድንጋይ ምሰሶዎች አሉ፤ አባቶች የኦሪት መሥዋዕት ደም ይፈስባቸው ነበር ብለው ያሳያሉ። ድንጋዮቹ በዓይን የሚታዩ ናቸው፤ የሚሰጣቸው ትርጉም የእምነት ነው። «አባቶች እንዲህ ይላሉ» ብሎ መናገር ክብር መንሣት አይደለም፤ እንዲያውም የአባቶችን ቃል ለባለቤቱ መስጠት ነው።

ኖራና ድንጋይ

በዚህ እስማማለሁ። በተቃራኒው ደግሞ ድንጋዩ ራሱ የሚናገረውን በስህተት ስም የምንጠራበት ቦታ አለ፤ «የፖርቱጋል» የሚለው ነው። ጣና ዙሪያ በኖራ የተሠራ ነገር ሁሉ የፖርቱጋል ይባላል።

በመጀመሪያ ጉዛራን እዩ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ እንፍራዝ አጠገብ፣ ሐይቁን ከምሥራቅ ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ነው። የዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) ግምብ ነው፤ ፋሲል ጎንደርን በ1636 ከመመሥረታቸው ከብዙ ዓመት በፊት ማለት ነው። ግምቦቹን ሠራ የሚባልለት ኢየሱሳዊው (የካቶሊክ ሚሲዮናዊው) ጴድሮ ፓኤዝ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነው። ስለዚህ ግምብ ማቆም ከፓኤዝ ጋር የመጣ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ፓኤዝ ስፔናዊ ነው እንጂ ፖርቱጋላዊ አይደለም፤ የሞተውም በ1622 ጎርጎራ ነው። የዓላታ ድልድይ የተሠራው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1620ዎቹ አጋማሽ ነው። ፓኤዝ ድልድዩን ሠራው የሚል ካጋጠማችሁ ዓመቶቹን ብቻ ጎን ለጎን አስቀምጡለት። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። አንዱ ጽሑፍ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ሲጽፍ የ7 ወይም 8 ዓመት ልዩነት ይፈጠርና ሰው ሁለት የተለያየ ክስተት ይመስለዋል።)

ሕዝቡ ድልድዩ በእንቁላል ተቦክቶ ተሠራ ይላል። ግንበኛው የተጠቀመው ኖራ ነው፦ የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቃጠላል፣ ውሃ ሲጠጣ ይፈላና ዱቄት ይሆናል፣ ከአሸዋ ጋር ይቦካል፤ ከአየር እየሳበ ዓመታት ወስዶ ይጠነክራል። ዋናው ጥቅሙ ይተነፍሳል፤ በድንጋዩ መካከል የገባ እርጥበት በመገጣጠሚያው ይወጣል። ለዚህ ነው በሲሚንቶ መጠገን ጥፋት የሚሆነው። ሲሚንቶ ይዘጋል፤ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ ፊት ይወጣል፣ ጨውም ይዞ ይመጣና ፊቱን እንደ ቅርፊት ያስለቅቀዋል። አሮጌ ግምብ ላይ ግራጫ ልጣፍ ካያችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ፤ የፈረሰው ልጣፉ ሳይሆን ጎረቤቱ ድንጋይ ነው።

ጎርጎራ ሁለት ናት። አዲሷ ወደቡና ደብረ ሲና ማርያም ያሉባት ናት፤ የደብረ ሲና የግድግዳ ሥዕሎች ለብቻቸው ጉዞ ይገባቸዋል። አሮጌዋ፣ ማርያም ግምብ የሚሏት፣ ከዚያ በስተምዕራብ ባለው ልሳነ ምድር ላይ ናት፤ የሱስንዮስ ቤተ መንግሥትና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ፍርስራሽ እዚያ ነው። በጀልባ መሄድ ይሻላል። ከቆመው የጣሪያ ቅስት ላይ ተፈልፍሎ የተሠራ የጽጌረዳ ጌጥ አሁንም ይታያል። ግድግዳው ላይ መውጣት አይገባም፤ ድንጋዮቹ ክብደት ተሸካሚ አይደሉም። ሱስንዮስ ካቶሊክነትን በይፋ ተቀብለው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ያቺ ፍርስራሽ የዚያ አሥር ዓመት ምስክር ናት።

ሰከላ

የፓኤዝ ነገር ከተነሣ፣ «የዓባይን ምንጭ ያገኘ» የሚለው ይታረም። ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ደርሰው አይተዋል። ያዩት የአገሩ ሰው መርቶ ያሳያቸውን፣ ከእነሱ በፊትም ይከበር የነበረውን ምንጭ ነው።

ትውፊቱ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ነው። ጻድቁ ሲታሰሩ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ተፈትተው ሲመለሱ «ግሽ ዓባይ» ቢሉት አንድም ቅጠል ሳይርስ መለሰላቸው፤ ስሙ ከዚያ መጣ ይላሉ። ዓመታዊ በዓላቸው ጥር 13 ነው። ጸበል ስለሆነ ምግብ በልታችሁ አትቅረቡ፣ ምንጩን በፕላስቲክ ቀድታችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ ካህናቱን ጠይቁ።

ግልገል ዓባይ ጣና ገብቶ ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ባሕር ዳር ይወጣል የሚለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በክረምት አፉ ላይ ደለል የያዘው ቡናማ ውሃ ከሐይቁ ውሃ ተለይቶ ሩቅ ድረስ ይታያል፤ ትውፊቱ ከዚህ መልክ ጋር ይስማማል። ሐይቁ ግን ከግልገል ዓባይ ሌላ ርብን፣ ጉማራንና መገጭን ይቀበላል፤ ሲወጣ የሁሉም ውሃ ነው።

ፎገራ

ጢስ ዓባይ ደርቋል የሚሉ አሉ። መሄድ ዋጋ አለው?

ኖራና ድንጋይ

በወቅቱ ከሄዳችሁ አለው። ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ከፍታው 42 ሜትር አካባቢ ነው። ውሃው የሚቀንሰው ጨራጨራ ላይ የሐይቁ መውጫ በግድብ ስለሚመጠንና ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚዞር ነው። መጀመሪያ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎቹ ነበሩ፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ብዙው ውሃ በምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል። ስለዚህ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ሂዱ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የምታዩት ጥቁሩን ገደል ነው።

መንገዱ ሁለት ነው፤ በድልድዩ በኩል ወርዶ በእግር መውጣት፣ ወይም ከላይ በጀልባ ተሻግሮ መሄድ። በመጀመሪያው ሂዱና በሁለተኛው ተመለሱ፤ የዓላታን ድልድይ ጠዋት በጥሩ ብርሃን ታገኙታላችሁ። ጭቃ ላይ የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል፤ ፏፏቴው ፊት ለፊት ያለው ሣር ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ የሚያንሸራትተውም እዚያ ነው።

ብራና

ስለ ዳጋ የጎደለውን ልሙላ። የነገሥታት አፅም በመስታወት ሣጥን ያለው እዚያ ነው፤ የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዐ ያዕቆብ፣ የዘድንግልና የፋሲል ተብሎ ይታያል። የሠርፀ ድንግል መቃብር ግን ሬማ መድኃኔዓለም እንጂ ዳጋ አይደለም። ብዙ ሰው አፅሙን አይቶ ይወጣል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የፍሬ ጽዮን የእመቤታችን ሥዕል ነው። በእንጨት ላይ የተሣለ፣ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን መሠራቱ ራሱ ሥዕሉ ላይ የተጻፈበት ነው። በዚያ ዘመን ሠዓሊ ስሙን አይጽፍም ነበር፤ የእሱን ግን እናውቃለን። እንዲወጣ በትሕትና ጠይቁ፤ ካልተፈቀደ አትከራከሩ።

ናርጋ የምንትዋብ ሥራ ነው፤ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የምትታየው ሴት እሷው ናት። ዙሪያውን ያለው የድንጋይ አጥርና የበሩ ግንብ ጎንደርን ሐይቅ ላይ ያመጣው ይመስላል።

የእግር ጉዞም ሆነ የጀልባ ጉዞ ከማሰባችሁ በፊት የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ለባሕር ዳር ሰው ደውላችሁ አረጋግጡ።

ፎገራ

የመጨረሻ ጥያቄ። እናቶችና እህቶች ያሉበት ቡድን ዳጋን እንዴት ያድርግ? ጀልባ ላይ ሁለት ሰዓት ማስጠበቅ ይከብዳል።

ቀዛፊው

ጀልባው ሁሉንም ይዞ መጀመሪያ ናርጋ ይውረድ። ሁሉም ቤተ ክርስቲያኑን አብረው ይዩ፤ ከዚያ ሴቶቹ እዚያው ከግቢው ዛፍ ሥር ምሳቸውን ይብሉ፣ ወንዶቹ ዳጋ ደርሰው ይመለሱ። ቅርብ ናቸው። ይህን ግን ባሕር ዳር ስትዋዋሉ ተናገሩ፤ ተጨማሪ ምልልስ ስለሆነ ነዳጁ አስቀድሞ መሞላት አለበት። ከናርጋ የመጨረሻው መነሻ ከ7 ሰዓት እንዳያልፍ።